ማቻ ሞቺ በቤት ውስጥ፦ ከዱቄት ምርጫ እስከ መጠቅለል

ሞቺ ከሩዝ የሚሠራ የጃፓን ጣፋጭ ነው። ለስላሳ ነው፣ ሲነክሱት ይለጠጣል፣ ስኳሩም አፍ አይሞላም። ማቻ የሚባለው የአረንጓዴ ሻይ ዱቄት ሲገባበት ደግሞ ጣፋጩ ላይ ቀለል ያለ ምሬት ይጨመርበታል። ሲያዩት ብዙ የእጅ ጥበብ የሚጠይቅ ይመስላል፤ ነገሩ ግን ሌላ ነው። አብዛኛው የከሸፈ ሞቺ የከሸፈው ገና ሱቅ ውስጥ፣ ዱቄቱ ሲገዛ ነው። የቀረው ደግሞ ሊጡ በቅጡ ሳይበስል ከእሳት በመውረዱ ነው። መጠቅለሉን እጅ ቶሎ ይለምደዋል። ስለዚህ እዚህ ላይ ዱቄቱና ማብሰሉ ዘንድ ቆየት እንላለን፣ ሌላውን ፈጠን ብለን እናልፈዋለን።

ጃፓኖች ጥንታዊውን ሞቺ የሚሠሩት ከዱቄት ሳይሆን ከራሱ ከሩዙ ነው። ሞቺጎሜ የሚባለውን ሩዝ ሌሊቱን ዘፍዝፈው በእንፋሎት ያበስሉታል፤ ከዚያም ኡሱ በሚባል ትልቅ ሙቀጫ ውስጥ ኪኔ በሚባል ከባድ የእንጨት መዶሻ ይወቅጡታል። አንዱ ሲመታ ሌላው በሁለት ምት መካከል እጁን አስገብቶ ሩዙን ይገለብጣል፣ ያረጥበዋል፤ ልብ ካልገጠመ እጅ ይቀጠቀጣል። ሥራው በተለይ ዓመቱ ሊያልቅ ሲል፣ ለአዲስ ዓመት ዝግጅት የሚደረግ ነው። እኛ የምንሠራው ከዱቄት ነው፤ ስኳሩ ከሊጡ ጋር አብሮ ይበስላል። ጃፓኖች ይህን ዓይነቱን ሊጥ ግዩሂ፣ መሃሉ ሙሊት ገብቶበት ሲድበለበል ደግሞ ዳይፉኩ ይሉታል። ስኳሩ ስላለበት ከተወቀጠው ሞቺ ይልቅ ለስላሳነቱን ይዞ ይቆያል።

ዱቄቱ

የሩዝ ስታርች ሁለት ነገሮች አሉት፤ አሚሎስና አሚሎፔክቲን። ሩዝ ሲበስል ፍሬ ፍሬውን ሆኖ እንዲለያይ የሚያደርገው አሚሎስ ነው። የሞቺ ሩዝ አሚሎስ የለውም ማለት ይቻላል፤ ስታርቹ አሚሎፔክቲን ብቻ ስለሆነ ሲበስል ይጣበቃል፣ ይለጠጣል። ከተራ ሩዝ የተፈጨ ዱቄት የቱንም ያህል ቢያሹት ይህን ጠባይ አያመጣም። የፎገራ ሩዝ ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ ለእንጀራ ይሁን እንጂ ለሞቺ አይሆንም፤ ሲቀዘቅዝ የሚሰባበር ድፍን ነገር ነው የሚወጣው። በሱፐርማርኬት መደርደሪያ ላይ እንዲሁ «የሩዝ ዱቄት» ተብሎ የሚሸጠውም ያው ነው።

የጃፓን ዕቃ በሚገኝበት አገር ያላችሁ ሁለት ስሞች ፈልጉ። ሺራታማኮ ጠጠር ጠጠር የሚል ዱቄት ነው፤ ውሃ ሲነካው ይሟሟና እጅግ ለስላሳ ሊጥ ይሰጣል፣ ዋጋውም ከፍ ይላል። ሞቺኮ ደቃቅ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ በቀላሉ ይገኛል፣ ለጀማሪም ይመቻል። ጆሺንኮ የሚባለውን ግን ተዉት፤ እሱ የተራ ሩዝ ዱቄት ነው። የጃፓኑ ካልተገኘ የታይላንዱ ይተካዋል። ሦስት ራስ ያለው ዝሆን የታተመበት ኤራዋን የሚባለው ዱቄት በብዙ አገር የእስያ ሱቆች አለ፦ ቀዩ ጽሕፈት ያለበት ተራ ሩዝ ነው፣ አረንጓዴው የሚጣበቀው ነው። ፌስታሎቹ ከቀለሙ በቀር አንድ ስለሚመስሉ ብዙ ሰው በስሕተት ቀዩን ይዞ ይወጣል። በታይላንዱ ዱቄት የሚሠራው ሊጥ ላላ ይላል፤ ስለዚህ ውሃውን በ130 ሚሊ ሊትር ጀምራችሁ እያያችሁ ጨምሩ።

አገር ቤት ያላችሁ የእስያ ምግብ ሸቀጥ የሚይዙ መደብሮችን ጠይቁ። ዱቄቱ ጠፍቶ የሚጣበቀው ሩዝ ራሱ ከተገኘ፣ ቤታችሁም ሙቀጫና ዘነዘና ካለ፣ ከጃፓኖቹ የጥንት አሠራር ብዙም አልራቃችሁም። ሩዙን ሌሊቱን ዘፍዝፉ፣ በእንፋሎት ከ40 ደቂቃ ባላነሰ አብስሉ፣ ትኩስ እንዳለ ዘነዘናውን ውሃ እያስነካችሁ ፍሬው እስኪጠፋ ውቀጡ። ሙቀጫው ግን ቡና ወይም በርበሬ የማያውቅ መሆን አለበት!

ዱቄቱ ግሉተን የለውም፤ ግሉተን የማይስማማው ሰው ማሸጊያው ላይ ከስንዴ ጋር በአንድ ፋብሪካ መዘጋጀት አለመዘጋጀቱን አይቶ ሊበላው ይችላል። እንቁላል፣ ወተት፣ ቅቤም አይገባበትም። ስለዚህ ለጾም የሚሆን ጣፋጭ ለሚፈልግ ቤት ይህ ከብዙ ኬክ የተሻለ ምርጫ ነው።

ማቻው

ማቻ ማንኛውም የተፈጨ አረንጓዴ ሻይ አይደለም። የሻይ ተክሉ ከመለቀሙ ሦስት ሳምንት ገደማ ቀደም ብሎ ጥላ ይደረግበታል። ፀሐይ ሲያጣ ቅጠሉ አረንጓዴነቱ ይጠልቃል፣ ምሬቱም ይለዝባል። ከተለቀመ በኋላ በእንፋሎት ተመትቶ ይደርቃል፣ አገዳውና ጅማቱ ይወጣለታል፣ የቀረው ለስላሳው ክፍል በድንጋይ ወፍጮ ቀስ ብሎ ይፈጫል። አንድ ወፍጮ በሰዓት ከ40 ግራም ብዙም አያልፍም፤ ቢፈጥን ይሞቅና መዓዛው ይሄዳል። ኪዮቶ አጠገብ ያለችው ኡጂና በአይቺ ግዛት ያለችው ኒሺዮ በዚህ ሥራ ስማቸው የታወቀ ነው። የሻይ ከረጢት ቀድዶ ቅጠሉን በቡና መፍጫ መፍጨት የሚሞክር ሰው አይጠፋም፤ ውጤቱ ጥርስ ላይ የሚንቆራጠጥ ቡናማ ሊጥ ነው።

ሲገዛ ሁለት ነገር ይታያል። የይዘቱ ዝርዝር ላይ ከአረንጓዴ ሻይ ሌላ ምንም መኖር የለበትም፤ ስኳርና የወተት ዱቄት ካለበት ለመጠጥ የተዘጋጀ ቅልቅል ነው። ቀለሙ ደግሞ ደማቅ አረንጓዴ ይሁን፤ ወደ ቢጫ ወይም ወደ ጭቃ ቀለም ያደላ ከሆነ አርጅቷል። ለሻይ ሥነ ሥርዓት የሚሆን ተብሎ በውድ የሚሸጠውን ለሊጥ ማዋል ገንዘብ ማባከን ነው። ሙቀትና ስኳር ረቂቅ ጣዕሙን ያጠፉታል፤ መካከለኛው፣ መረር የሚለው፣ ለዚህ ሥራ እንዲያውም ይበልጣል። ጣሳው ከተከፈተ በኋላ አየርና ብርሃን ጠላቶቹ ናቸው። በደንብ ተከድኖ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቀመጥ፤ ሲወጣም የክፍሉን ሙቀት ሳይለምድ አይከፈት፤ አለበለዚያ እርጥበት ይይዝና ይጓጉላል።

ለ8 ፍሬ የሚያስፈልገው

የሚጣበቅ ሩዝ ዱቄት 100 ግራም
ስኳር 60 ግራም
ውሃ 150 ሚሊ ሊትር
ማቻ 4 ግራም (ሁለት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ)
ለመነስነስ የድንች ወይም የበቆሎ ስታርች፣ አንድ እፍኝ
ለሙሊቱ ደረቅ አዙኪ (ትንሽ ቀይ ባቄላ) 200 ግራም፣ ስኳር 160 ግራም፣ ጨው ቁንጥር

ዱቄቱን በሚዛን ለኩት፤ በኩባያ ሲለካ እንደ አጠቃጠቁ ብዙ ይለያያል። ስኳሩን ለጤና ብላችሁ ከ40 ግራም በታች አታውርዱት። እዚህ ላይ የስኳር ሥራ ማጣፈጥ ብቻ አይደለም፤ ውሃውን ይዞ ሊጡ ቶሎ እንዳይደርቅ የሚያደርገው እሱ ነው። ሙሊቱ ደግሞ ለ8 ፍሬ ከሚያስፈልገው በላይ ይወጣል። ትንሽ ባቄላ ድስት ሥር ቶሎ ስለሚያርር ነው እንዲህ የተለካው፤ የተረፈው በበረዶ ክፍል ይቀመጣል።

ሙሊቱ፣ ከአንድ ቀን በፊት

አንኮ የሚባለው ሙሊት ከአዙኪ ይሠራል። አዙኪ ትንሽ፣ ጥቁር ቀይ ባቄላ ነው፤ መዘፍዘፍ አያስፈልገውም። አጥባችሁ በብዙ ውሃ ጣዱት፣ ከፈላ በኋላ አምስት ደቂቃ ያህል ቆይታችሁ ውሃውን ድፉት። ይህ የመጀመሪያው ውሃ የሚያንቀውን የልጣጩን ጣዕም ይዞ ይሄዳል። አዲስ ውሃ አድርጋችሁ በዝግታ ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ቀቅሉት፤ ውሃው ሲጎድል ጨምሩ።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ ስለምትገኝ ውሃ እዚያ የሚፈላው 92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ስለዚህ ማንኛውም የጃፓን ወይም የአሜሪካ መመሪያ የሚሰጠው የባቄላ መቀቀያ ጊዜ ደጋ ላይ አይበቃም። ፕሬዠር ኩከር ያለው ይጠቀምበት፤ የሌለው ሰዓቱን ትቶ ባቄላውን ይመን። አንድ ፍሬ አውጥታችሁ በአውራ ጣትና በትንሿ ጣት መካከል ተጫኑት። በደካማዋ ትንሿ ጣት ያለ ትግል ከፈረሰ፣ መሃሉም ጥሬ ነጥብ ከሌለው፣ ደርሷል። ከዚህ በፊት ስኳር አይገባም፤ ስኳር ቀድሞ የገባበት ባቄላ ቢያድር ቢውል አይለሰልስም።

ሲበስል አጥልሉት፣ ወደ ድስቱ መልሱ፣ ስኳሩን በሁለት ጊዜ ጨምራችሁ መካከለኛ እሳት ላይ በእንጨት ማማሰያ እያሻችሁ አማስሉ። መጀመሪያ ስኳሩ ውሃ ያወጣና ይቀጥናል፤ አትደንግጡ። የድስቱን ወለል በማማሰያው ስትሰነጥቁት መንገዱ ሳይዘጋ ለአፍታ ከቆየ ጨው ነስንሳችሁ አውርዱት። ሲቀዘቅዝ ይበልጥ ስለሚጠነክር ልክ የሆነ እስኪመስላችሁ ድረስ እሳት ላይ አትጠብቁት። ሰፋ ባለ ሳህን ዘርግታችሁ፣ እንዳይደርቅ ፊቱን በፕላስቲክ ሸፍናችሁ አቀዝቅዙ።

አዙኪ ካልተገኘ ነጭ ቦሎቄ በጣም ጥሩ ነው፤ ምትክ ብቻ ነው ማለትም አይቻልም። ጃፓኖች ሺሮአን የሚሉትን ነጭ ሙሊት የሚሠሩት ከዚሁ ከቦሎቄ ዘር ነው፤ በእኔ ሚዛን ለማቻ ከቀዩ ይልቅ ነጩ ይስማማል፣ የሻዩን ጣዕም አይሸፍንበትም። ቦሎቄ ግን ሌሊቱን ይዘፈዘፋል፤ የተዘፈዘፈበት ውሃ ይደፋል፤ ሲቀቀልም ቢያንስ አሥር ደቂቃ በኃይል መንተክተክ አለበት፤ ያልበሰለ ቦሎቄ ሆድ ይጎዳል። ሲበስል በወንፊት አሳልፋችሁ ልጣጩን አስቀሩ፣ ከዚያ እንደ አዙኪው ከስኳር ጋር አድርቁት።

በማግስቱ 25 ግራም፣ 25 ግራም እየመዘናችሁ 8 ድቡልቡሎች አድርጋችሁ በረዶ ክፍል ውስጥ ግማሽ ሰዓት አቆዩአቸው። ጠንከር ያለ ሙሊት መጠቅለሉን ግማሽ በግማሽ ያቀልለዋል።

ሊጡ

ማብሰል ሳትጀምሩ ሁሉን ነገር አዘጋጁ፤ ትኩስ ሊጥ ፋታ አይሰጥም። ስታርቹን በደረቅ መጥበሻ ለጥቂት ደቂቃ፣ ቀለሙ ሳይለወጥ፣ አመስ አድርጋችሁ ሰፊ ትሪ ላይ በወፍራሙ ነስንሱት። ማመሱ የጥሬ ስታርች ጣዕሙን ያጠፋል።

ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ማቻውን በደቃቅ ወንፊት ንፉና በመጀመሪያ ከስኳሩ ጋር ብቻ አደባልቁት። ማቻ ውሃ ላይ በቀጥታ ሲወድቅ ይጓጉላል፤ የስኳሩ ቅንጣት ግን በመካከሉ ገብቶ ይለያየዋል። ከዚያ ዱቄቱን ጨምሩ፤ ውሃውን በሦስት ጊዜ እያስገባችሁ ምቱት። የሚወጣው ቀጠን ያለ የእንጀራ ሊጥ ይመስላል። ይህ ብዙ ሰው ያስደነግጣልና ዱቄት ይጨመርበታል። አይጨመርም፤ ሲበስል ራሱ ይሰበሰባል። አንድ ጊዜ በወንፊት አሳልፉት።

ለማብሰል ሁለት መንገድ አለ። ማይክሮዌቭ ያለው ሳህኑን ላላ አድርጎ ሸፍኖ በ600 ዋት አንድ ደቂቃ ያስገባው፣ አውጥቶ ውሃ በነካ የላስቲክ ማማሰያ ከሥሩ እየገለበጠ በኃይል ያማስለው፣ እንደገና አንድ ደቂቃ፣ እንደገና ማማሰል፣ በመጨረሻ ከ30 ሰከንድ እስከ አንድ ደቂቃ። በአንድ ጊዜ ሦስት ደቂቃ ማስገባት አይሆንም፤ ዳሩ ደርቆ መሃሉ ጥሬ ይቀራል።

ሁለተኛው መንገድ እንፋሎት ነው፤ እኔ የምመርጠውም እሱን ነው፣ እኩል ያበስላል። ውሃው የፈላ ድስት ላይ ቀዳዳ ያለው መደብ አስቀምጣችሁ፣ ሊጡን ዝርግ በሆነ ሙቀት የሚችል ሳህን ገልብጣችሁ፣ ክዳኑን በንጹሕ ፎጣ ጠቅልላችሁ ክደኑት። ፎጣው ከክዳኑ የሚንጠባጠበውን ውሃ ይጠጣል፤ ያለ እሱ የሊጡ ፊት ይረጥብና እድፍ እድፍ ይላል። አጋማሹ ላይ ከፍታችሁ አማስሉ። በጠቅላላው 20 ደቂቃ፣ ደጋ ላይ 25 ደቂቃ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣን፤ መብሰሉ እንዴት ይታወቃል? ጥሬው ሊጥ ደብዛዛ ነው፣ ወተት የነካው አረንጓዴ። እየበሰለ ሲሄድ መጀመሪያ ይጓጉላል፣ ነጣ ነጣ ያሉ ንጣፎችና ያልተያያዙ እብጠቶች ይታዩበታል፤ ብዙ ሰው «ተበላሸ» ብሎ የሚጥለው፣ ወይም «ደረሰ» ብሎ የሚያወርደው እዚህ ላይ ነው። ሁለቱም ተቸኩሏል። አማስላችሁ መልሱት። ነጩ ንጣፍ ጨርሶ ሲጠፋ፣ አረንጓዴው ሲጠቁር፣ ሊጡ እያብረቀረቀ ብርሃን የሚያሳልፍ ሲሆን፣ ማማሰያውን ስታነሡት በአንድ ጊዜ ሳይበጠስ እየቀጠነ ሲከተላችሁ፣ ያኔ ነው የበሰለው። ጥርጣሬ ካለ በጥፍር ታክል ቆርሳችሁ ቅመሱ፤ ዱቄት ዱቄት ካለ አልበሰለም። ሁለት ደቂቃ ቢያልፈው ሊጡ አይጎዳም፣ ሁለት ደቂቃ ቢጎድለው ግን ምንም አይመልሰውም። ከወረደ በኋላም በእርጥብ ማማሰያ ለአንድ ደቂቃ ያህል እያጠፋችሁ ደብድቡት፤ የሙቀጫውን ሥራ በጥቂቱ የሚተካው ይህ ነው።

መጠቅለል

ትኩሱን ሊጥ ስታርች የተነሰነሰበት ትሪ ላይ ገልብጡት፣ ከላይም ነስንሱበት። ለእጅ የሚቻል ሙቀት ላይ እስኪደርስ ጠብቁ፤ ፈጽሞ ከቀዘቀዘ ግን አፉ አይገጥምም። ለብ ሲል በስታርች በተነከረ እጅ ዘርጋችሁ በፕላስቲክ መቁረጫ ወይም በመቀስ 8 ቦታ ክፈሉት። ቢላዋ ይጣበቃል።

አንዱን ቁራጭ መዳፋችሁ ላይ አድርጋችሁ ወደ 8 ሴንቲ ሜትር ስፋት አውጡት፤ ዳር ዳሩ ከመሃሉ ሳሳ ይበል፣ ምክንያቱም ዳሩ በመጨረሻ ተሰብስቦ ይደራረባል። ወደ ውስጥ የሚገባውን ፊት በደረቅ ብሩሽ ጥረጉት። ስታርች የቀረበት ዳር አይጣበቅም፤ «አፉ እምቢ አለኝ» የሚል ሰው ችግሩ ዘወትር ይህ ነው። ሙሊቱን መሃሉ ላይ አስቀምጡ፣ በአንድ እጅ አውራ ጣትና አመልካች ጣት መካከል ይዛችሁ ዳሩን ቀስ በቀስ ወደ ላይ ሳቡት፣ ሰብስባችሁ ቆንጥጡት፣ ጠምዝዙት፣ ስፌቱን ወደ ታች አድርጋችሁ አስቀምጡት። በመዳፍ አንድ ሁለቴ ስታዞሩት ክብ ይሆናል። የተረፈውን ስታርች በብሩሽ አራግፉ፤ ከወደዳችሁ ከላይ ትንሽ ማቻ በወንፊት ነስንሱበት። ይህ ግን ሊቀርብ ሲል ነው፤ ቀድሞ የተነሰነሰ ማቻ እርጥበት ይስብና ይጠቁራል።

ትልቅ ያልሆነ እንጆሪ በስሱ አንኮ ሸፍኖ ውስጡ ማድረግም ይቻላል። በጃፓን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የመጣ ፈጠራ ነው፤ አሁን የእንጆሪ ወቅት ሲገባ የማይሠራው የጣፋጭ ቤት ጥቂት ነው። እንጆሪው በደንብ መድረቅ አለበት፤ በዕለቱም መበላት አለበት፣ ቢያድር ውሃ ያወጣል።

አበላልና አቀማመጥ

ሞቺ ያንቃል። ይህ ቀልድ አይደለም፤ በጃፓን በየአዲስ ዓመቱ በተለይ አረጋውያን ሞቺ ጉሮሯቸው ላይ እየተሰነቀረ ሕይወታቸው ያልፋል፤ የቶኪዮ የእሳት አደጋ መሥሪያ ቤትም በየዓመቱ ያስጠነቅቃል። ለእናት ለአባታችሁ ስታቀርቡ በትንንሹ ቆርጣችሁ፣ ሻይ አስቀድማችሁ አቅርቡ። ለሕፃናት አትስጡ፤ ከፍ ያሉ ልጆችም ቁጭ ብለው፣ ሳይሮጡ ይብሉ። ካፌይኑ ግን የሚያሳስብ አይደለም፤ 4 ግራም ማቻ ለ8 ሲካፈል በአንድ ፍሬ 16 ሚሊ ግራም ገደማ ነው፣ ሦስተኛ ሲኒ ቡና ለለመደ ሰው ይህ ቁጥር አይቆጠርም።

የተሠራው ዕለቱን ቢበላ ይመረጣል። ተከድኖ፣ ቀዝቀዝ ባለ ክፍል ውስጥ እስከ ማግስቱ ይቆያል፤ ሞቃት አገር ያለ ሰው ግን አያሳድረው። ፍሪጅ ውስጥ ማስገባት ትልቁ በደል ነው፦ የበሰለ ስታርች ከበረዶ ነጥብ በላይ ባለው ቅዝቃዜ መልሶ ይጠነክራል፤ ጠዋት የምታገኙት ላስቲክ ነው። ማቆየት ከፈለጋችሁ እያንዳንዱን ለየብቻ በፕላስቲክ ጠቅልላችሁ በቀጥታ ወደ በረዶ ክፍል አስገቡ፤ ቶሎ ስለሚበርድ መጠንከሪያ ጊዜ አያገኝም። ሊበላ ሲል አውጥታችሁ በክፍሉ ሙቀት አንድ ሰዓት ገደማ ተዉት። ከዚያ በኋላም ጠንከር ካለባችሁ ማይክሮዌቭ ውስጥ አሥር ሰከንድ ይበቃዋል፤ ከዚያ ካለፈ ሙሊቱ ይፈላና ቆዳውን ይቀደዋል።